የማን ፈረሰኛ? ከፖለቲካ የጸዳ ጨዋታ ለሚሹ ሁሉ

‹‹ሌላው ቢቀር ጨዋታውን እንኳ ከፖለቲካ ነጻ አድርጉልን!›› የሚል ልመና በዚህ ዘመን ከወጣቶች አንደበት አዘውትሮ ይሰማል፡፡ በመቱ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ይሰማል፤ በጎሬና በበደሌም ይሰማል፡፡ ልመናው የመነጨበትን ድካም እረዳለሁ፡፡ ባለፉት ዓመታት በዚህ በምዕራቡ የአገራችን ክፍል ፖለቲካ የሚለው ቃል ከሐዘን ጋር ተጣብቆ ኖሯል፡፡ አንድ ወጣት ቋንቋውንና የአያቱን ስም ሳይጠየቅ ለአንድ ሰዓት ተቀምጦ ኳስ የሚያንከባልልበት ስፍራ ቢመኝ አይፈረድበትም፡፡

ይሁን እንጂ ልመናው ከልብ የመነጨ መሆኑ ብቻውን እውነት አያደርገውም፡፡ ሰውን፣ አገርንና ታሪክን የሚያሳይ የቪዲዮ ጨዋታ ከፖለቲካ ነጻ ሆኖ አያውቅም፤ ሊሆንም አይችልም፡፡ ‹‹ነጻ ነው›› ተብሎ የሚቀርብልን ጨዋታ ፖለቲካ የሌለበት ሳይሆን ፖለቲካውን ማን እንደ ጻፈው እንዳንጠይቅ የሚፈለግበት ነው፡፡ የዚህ ጽሑፍ ሙግት ይኸው ነው፡፡

አስቀድመን በቃሉ እንስማማ፡፡ ፖለቲካ ስል የፓርቲ መፈክር ማለቴ አይደለም፡፡ በአንድ ማኅበር ውስጥ ለማን ምን እንደሚፈቀድ፣ ምን እንደ ድል እንደሚቆጠርና የድሉን ዋጋ ማን እንደሚከፍል የሚወሰንበት ሥርዓት ማለቴ ነው፡፡ ታዲያ ጨዋታ ከዚህ የተለየ ምንድን ነው? ልብ ወለድ ስለ አንድ ዓለም ይተርክልናል፤ ጨዋታ ግን ለዚያ ዓለም ሕግ አውጥቶ በሕጉ ውስጥ ያኖረናል፡፡ አንባቢ ደራሲውን ‹‹ተሳስተሃል›› ብሎ መጽሐፉን ሊዘጋ ይችላል፡፡ ተጫዋች ግን ማሸነፍ ከፈለገ፣ ባያምንበትም እንኳ በሕጉ ማሰብ ግድ ይለዋል፡፡

አበው ይህን ሳይረዱት የቀሩ አይመስለኝም፡፡ በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ ሲናገሩ፣ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም በገና ዱላ ቢመታ የማይጠየቅበት አንድ ቀን አለ ማለታቸው ነበር፡፡ ያ ቀን ከፖለቲካ ነጻ ነበርን? በፍጹም! የአንዱ ቀን ነጻነት የሦስት መቶ ስድሳ አራቱን ቀናት ሥርዓት ይመሰክራል፡፡ ፈቃዱን የሚሰጠው ጌታ ነው፤ ማግስቱን የሚያውቀው ሎሌው ነው፡፡ በሰንጠረዥም ቢሆን ወታደሩ በየተራ ቢያልቅ ጨዋታው ይቀጥላል፤ የሚያበቃው ንጉሡ ሲያዝ ነው፡፡ የአገር ህልውና በማን ላይ እንደተንጠለጠለ ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚናገር ሕግ ወዴት ይገኛል?

አሁን ወደ ፕሌይስቴሽን ቤቶቻችን እንግባ፡፡ በእነዚህ ቤቶች የነገሠው ኳስ ነው፡፡ ‹‹ኳስ ምን ፖለቲካ አለው?›› የሚለኝ አይጠፋም፡፡ በፊፋ ስም በኖረው የኤሌክትሮኒክ አርትስ ኩባንያ ጨዋታ ውስጥ የመቱ ልጅ ማንቸስተርን ወይም ማድሪድን ሆኖ ይጫወታል፤ ዋልያዎቹን ሆኖ ልጫወት ቢል ግን ከብሔራዊ ቡድኖቹ ዝርዝር ውስጥ አያገኛቸውም፡፡ ‹‹ይህ የገበያ ጉዳይ ነው›› ይባል ይሆናል፤ ይሁን፡፡ እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የሆነው ግን የገበያ ጉዳይ አልነበረም፡፡ ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች በቀናት ውስጥ ይኸው ኩባንያ የሩሲያን ብሔራዊ ቡድንና ክለቦች ከጨዋታው እንደሚያስወጣ አስታወቀ፡፡

ውሳኔውን ለመንቀፍ አይደለም ያነሣሁት፡፡ ወረራን ያወገዘ ሰው እኔን የሚከራከርበት ምክንያት የለም፡፡ የማነሣው ሌላ ነገር ነው፡፡ ለዓመታት ‹‹ኳስ ብቻ ነው›› ሲባል የኖረው መጋረጃ በአንድ መግለጫ ተቀደደ፡፡ በኩባንያው እጅ የሚገኝ የጨዋታ ዝርዝር የማዕቀብ መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል ታወቀ፡፡ በዚያው ወር በእኛም አገር በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ገና አልተቋጨም ነበር፡፡ ስለዚያ ጦርነት ከጨዋታው የወጣ ቡድን የለም፡፡ መጀመሪያውኑ የሚወጣ ቡድን አልነበረንምና! የትኛው ጦርነት የዓለምን የመጫወቻ ሜዳ እንደሚያናውጥ፣ የትኛው ደግሞ እንደማያናውጥ የሚወሰንበት መንገድ ፖለቲካ ካልተባለ ምን ይባላል?

ይሁንና ኳስ ለጉዳዩ መግቢያ ብቻ ነው፡፡ ዋናው ነገር የሚገኘው ታሪክን መሠረት አድርገው በተሠሩት ጨዋታዎች ውስጥ ነው፡፡ ከእነዚህ መካከል ስሙ የገነነው ሲቪላይዜሽን፣ በአሜሪካዊው ሲድ ማየር መሪነት እ.ኤ.አ. በ1991 ተጀምሮ እስከ ዛሬ ሰባት ትውልድ ደርሷል፡፡ ተጫዋቹ አንድን ሕዝብ ይዞ ከጥንት እስከ ዘመናዊው ዓለም ያደርሳል፡፡ ኢትዮጵያ በአራተኛው ጨዋታ ማስፋፊያ እ.ኤ.አ. በ2007 በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ መሪነት ገባች፡፡ በአምስተኛው ማስፋፊያ በ2012 ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መሯት፡፡ በስድስተኛው ደግሞ ዐፄ ምኒልክ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ሰባተኛው አክሱምን ይዞ መጣ፡፡ ልብ እንበል፤ አክሱም፣ ከዚያም ሦስት ዐፄዎች፡፡ ይህ አንድ የታወቀ የታሪክ አጻጻፍ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ለዘመናት የተማርነው፣ ዛሬም በየዩኒቨርሲቲው የምንከራከርበት፡፡ ካፋ የለም፤ አባ ጅፋር የለም፡፡ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 በሰው ልጆች የማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ገዳ፣ ስድስተኛው ጨዋታ በሚያስመርጠን የመንግሥት ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ ስፍራ አላገኘም፡፡ በከተማ ያልሰፈረ ሕዝብ በጨዋታው ስሙ ‹‹አረመኔ›› ነው፤ ሰፈሩን ያፈረሰ ወርቅ ይሸለማል፡፡ ከጎሬ አፋፍ ቆሞ የጋምቤላን ሜዳ ቁልቁል የተመለከተ፣ ከብቶቹን ተከትሎ የሚኖረውን ሕዝብም የሚያውቅ ሰው፣ ይህ ሕግ በእኛ ዘንድ ምን ዓይነት አሮጌ ትዕቢት እንደሚቀሰቅስ አይስተውም፡፡

የምኒልክ ጨዋታ የወጣበትን ወቅት ላስታውስ፡፡ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ የተገደለው ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር፡፡ በማግስቱ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ ለአብዛኛው ሕዝብ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሳይከፈት ቆየ፡፡ ብዙ ሰው አለቀ፤ ብዙ ሰው ታሰረ፡፡ በመላው ኦሮሚያና በአዲስ አበባ በዚያ ሰሞን ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ የዐፄ ምኒልክ ሐውልት ጉዳይ ነበር፡፡ በዚያው ሐምሌ ወር በሜሪላንድ የሚገኘው ፊራክሲስ ኩባንያ የኢትዮጵያን ጥቅል ለዓለም ገበያ አቀረበ፡፡ መሪው ምኒልክ ነው፤ የኢትዮጵያ ልዩ ጦር ደግሞ ‹‹የኦሮሞ ፈረሰኛ›› ይሰኛል፡፡

ኩባንያው ይህን ያደረገው ከአገራችን ሐዘን ጋር ለማጋጠም እንዳልሆነ ግልጽ ነው፡፡ ሥራው ከዚያ በፊት ታቅዶ ያለቀ ነበር፡፡ ዋናው ቁም ነገርም እዚህ ላይ ነው፤ ጨዋታ ፖለቲካዊ ለመሆን ሠሪው ፖለቲካዊ ሐሳብ ሊኖረው አያስፈልግም፡፡ ሠሪዎቹ ጠንካራ መሪና ፈጣን ፈረሰኛ ነበር የፈለጉት፡፡ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያስቀምጡ ግን መቶ ሠላሳ ዓመት የከረመ ክርክር ውስጥ ሳያውቁት ፍርድ ሰጡ፡፡

ፍርዱ ምን ነበር? አንደኛው ወገን ‹‹የኦሮሞ ፈረሰኛ የዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት የጀርባ አጥንት ነበር፤ ይኸው ዓለም መሰከረልን›› ሊል ይችላል፡፡ ራስ ጎበና ዳጬን ይጠቅሳል፤ በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ ከጎጃም ሠራዊት ጋር የተደረገውንና የደቡብ ምዕራቡን በር ለሸዋ የከፈተውን ጦርነት ይጠቅሳል፤ የዐድዋን ፈረሰኞች ይጠቅሳል፡፡ የተናገረው እውነት ነው፡፡ ሌላው ወገን ደግሞ ‹‹ጎበናን ስትጠራ የተወረረውን ለምን ትረሳለህ? ያ ፈረሰኛ የዘመተው በማን ላይ ነው?›› ብሎ ይጠይቃል፡፡ ይህም እውነት ነው፡፡ ኢሉባቦር በራስ ተሰማ ናደው እጅ ወደ ምኒልክ ግዛት የገባችው በዚያ ዘመቻ ዘመን ነው፤ ጎሬም መቀመጫቸው ሆና ኖራለች፡፡ ጨዋታው ሁለቱን እውነቶች አያከራክርም፤ አንደኛውን መርጦ ሌላውን ያስቀረዋል፡፡ ለማስቀረት ክርክር ማቅረብ እንኳ አላስፈለገውም፤ የጦር ስም ማውጣት ብቻ በቃው፡፡

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ዝርዝር ነው፡፡ በጨዋታው ምኒልክ በአማርኛ ይናገራል፤ ይቆጣል፣ ያመሰግናል፣ ይዝታል፡፡ ፈረሰኛው ግን አንደበት የለውም፡፡ ጣት ወደ ጠቆመው ይጋልባል፤ ሲሞት ከካርታው ይጠፋል፡፡ እርግጥ ነው፣ በዚህ ጨዋታ የማንም አገር ወታደር የፖለቲካ ቃል የለውም፤ ሮማዊውም ጃፓናዊውም እንደዚያው ነው፡፡ ነገር ግን ሮማዊው ወታደር ዲዳ ቢሆን በዛሬይቱ ሮማ የሚታመም ሰው የለም፡፡ እዚህ ግን ‹‹ተናጋሪ ማን ነው፤ ጋላቢስ ማን ነው?›› የሚለው ጥያቄ ገና ቁስሉ ያልጠገገ ነው፡፡ ፈረሱ ራሱ የጋራ ሀብት መሆኑ ደግሞ ነገሩን የበለጠ መራራ ያደርገዋል፡፡ ምኒልክ ‹‹አባ ዳኘው›› ተብለው በፈረስ ስም ይጠሩ ነበር፤ በፈረስ ስም መጠራት ቤተ መንግሥቱና የኦሮሞ ባላባት የሚጋሩት ልማድ ነው፡፡ ይህን መጋራት የሚያሳይ አንድም ሕግ በጨዋታው ውስጥ የለም፡፡

ተራራውንም ማለፍ አይገባም፡፡ በጨዋታው ሕግ የምኒልክ ከተሞች በኮረብታ ላይ ሲቆረቆሩ ከሃይማኖት የሚገኘው ኃይል አሥራ አምስት በመቶው ያህል በሳይንስና በባህል ይጨመርላቸዋል፤ ወታደሮቹም በኮረብታ ላይ ይበረታሉ፡፡ ኢትዮጵያዊነት ማለት ደገኛነት ነው፤ ዕውቀት የሚፈልቀው ከደጋውና ከደብሩ ነው፤ ቆላው የሚታለፍ ስፍራ ነው የሚለው አስተሳሰብ፣ አንድም ሰው ሳይናገረው በቁጥር ተቀምጧል፡፡ ይህን በመጽሐፍ የጻፈ ሰው ቢኖር በማግስቱ አሥር መልስ ይጻፍበት ነበር፡፡ በጨዋታ ሲመጣ ግን ‹‹ጉርሻ›› ብለን እንቀበለዋለን፡፡

በዚህ የተከፋነው እኛ ብቻ አይደለንም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 ይኸው ጨዋታ የካናዳን የክሪ ሕዝብ በፓውንድሜከር መሪነት ሲያስገባ፣ በእርሱ ስም የሚጠራው ማኅበረሰብ ሹም በይፋ ተቃውመዋል፡፡ መቃወሚያቸው ምስሉ አላማረም የሚል አልነበረም፡፡ ምድርን መያዝን ግቡ ባደረገ ጨዋታ ውስጥ መግባት ራሱ የቅኝ ገዢውን እሴት መልበስ ነው የሚል ነበር፡፡ ይህን ዘርፍ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው በአራት ግሦች ይገልጹታል፤ ማሰስ፣ መስፋፋት፣ መበዝበዝ፣ መደምሰስ፡፡ ሰውን ከእነዚህ በአንዱ ብቻ የሚያስበው ሕግ ከፖለቲካ ነጻ ነው የሚል ካለ ይምጣና ያስረዳኝ፡፡

‹‹እንግዲያውስ ሚዛናዊ አድርጎ መሥራት ነዋ!›› የሚል መልስ እጠብቃለሁ፡፡ ሚዛናዊ ጨዋታ መሥራት ይቻል እንደሆነ በራሳችን ምድር እንፈትነው፡፡ ከመቱ ብዙ ሳይርቅ የጎሬ ከተማ አለች፡፡ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ከተማዋ በፋሺስት ኢጣሊያ እጅ ገባች፡፡ የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ጎሬ ሆነች፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ጊዜያዊውን መንግሥት መሩ፤ ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው መጡ፡፡ በባሮ ወንዝ በኩል ከሱዳን ጋር በሚደረገው ንግድ ምክንያት የእንግሊዝ ቆንስላ በጎሬ ነበረ፡፡ በዚሁ ቆንስላ በኩል የምዕራብ ኦሮሞ ባላባቶች በመንግሥታቱ ማኅበር ሞግዚትነት ሥር ራሳቸውን ችለው ለመተዳደር አቤቱታ አቀረቡ፡፡ በነቀምቴ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖችና ምሁራን ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ፡፡ በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬ ተያዘች፤ በታኅሣሥ ራስ እምሩ ጎጀብ ላይ እጃቸውን ሰጡ፡፡

ከእነዚህ ሰባት ወራት ጨዋታ ሥሩ ቢባል ተጫዋቹን ማን ታደርጉታላችሁ? ራስ እምሩን ብታደርጉት፣ የአካባቢው ባላባቶች ‹‹ታማኝነት›› የሚባል ወደ ታች የሚወርድ ቁጥር ይሆናሉ፡፡ ባላባቶቹን ብታደርጉት፣ የራስ እምሩ ሠራዊት መብል የሚፈልግ ባዕድ ጦር ሆኖ ይመጣል፡፡ ገበሬውን ብታደርጉት፣ ድል ማለት እህሉን ከሁሉም ሠራዊት ሸሽጎ ለቀጣዩ መኸር መድረስ ነው፤ ያን ጊዜ ነጻነትና ባንዲራ የሩቅ ድምፅ ይሆናሉ፡፡ ‹‹ሁሉንም እኩል እናስገባ›› ብትሉ ደግሞ የመርዝ ጋዝ የረጨው ፋሺስት ከቀሩት ጋር እኩል የሚመረጥ ሰልፍ ይሆናል፤ ይህም ከሁሉ የከፋ አቋም ነው፡፡ አራት መንገድ ዘረዘርሁ፤ አንዳቸውም ከአቋም የጸዱ አይደሉም፡፡ አምስተኛ የሚያውቅ ካለ ያምጣው፡፡

ነገሩ ግምት ብቻ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሃርትስ ኦፍ አይረን የተባለው የጦርነት ጨዋታ አራተኛ ትውልድ የሚጀምረው ጃንዋሪ 1 ቀን 1936 ነው፤ ኢትዮጵያም ከኢጣሊያ ጋር በጦርነት ላይ ሆና ትጀምራለች፡፡ በዚህ ጨዋታ ሕግ አንድ አገር ወሳኝ ከተሞቹን ሲያጣ ‹‹እጅ ሰጠ›› ተብሎ ይመዘገባል፡፡ ሕጉ ቀላልና ምክንያታዊ ይመስላል፡፡ ነገር ግን በ1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የተደረገው ክርክር በትክክል ይኸው አልነበረምን? ዋና ከተማዋ የተያዘባት ኢትዮጵያ አለች ወይስ የለችም? በጎሬ ያለው መንግሥት መንግሥት ነው ወይስ አይደለም? ‹‹ከተማው ከተያዘ አገሩ አብቅቷል›› ያሉት ማዕቀቡን ለማንሣት የቸኮሉት መንግሥታት ናቸው፡፡ አርበኞቻችን አምስት ዓመት የተዋጉት ያንን ሕግ አንቀበልም ብለው ነው፡፡ የጨዋታው ሠሪዎች ለቀላልነቱ ሲሉ የመረጡት ሕግ በታሪክ ውስጥ የአንድ ወገን ሙግት ነበር፡፡

አንድ ጠንካራ መቃወሚያ ይቀራል፡፡ ‹‹ቴትሪስስ? እየወደቁ የሚደረደሩ ጡቦች ምን ፖለቲካ አላቸው?›› ጡቦቹ የላቸውም፤ እቀበላለሁ፡፡ ሰው የማይታይበት ጨዋታ በውስጡ ከዚህ ነገር ንጹሕ ሊሆን ይችላል፡፡ ነገር ግን ቴትሪስን እ.ኤ.አ. በ1984 በሞስኮ የፈጠረው አሌክሲ ፓጂትኖቭ፣ መብቱ በሶቪየት መንግሥት ድርጅት እጅ ስለነበር የድካሙን ዋጋ ማግኘት የጀመረው በ1996 ነው፡፡ ጡቦቹ ንጹሕ ቢሆኑም ጡቦቹን የያዘው እጅ ንጹሕ አልነበረም፡፡ እኛስ ብንሆን? በ2012 ዓ.ም. በጎረቤታችን በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ እስከ መጋቢት ሲዘልቅ፣ በስልኩ የሚጫወተው ልጅ የትኛውን ጨዋታ እንደመረጠ ማን ጠየቀው?

ፖለቲካዊ ነው ማለት ሁሉም እኩል ነው ማለት አይደለም፡፡ የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣቶችን ለምልመላ ለመሳብ አሜሪካስ አርሚ የተባለ ጨዋታ በነጻ አሠራጭቷል፤ እስከ 2022 ዘልቋል፡፡ ያ ዓላማውን በስሙ ላይ የጻፈ ፕሮፓጋንዳ ነው፤ ቢያንስ ማን እንደሚናገረን እናውቃለን፡፡ እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ምንም እንዳልተናገረ ሆኖ የሚናገረው ነው፡፡

እንግዲህ ‹‹ፖለቲካዊ ከሆነ ይዘጋ›› የሚሉ ባለሥልጣናትና ወላጆች ከዚህ ጽሑፍ ድጋፍ እንዳይፈልጉ፡፡ ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ልጆች በሳምንት ከሦስት ሰዓት በላይ በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ ደንግጋለች፡፡ በእኛም ከተሞች በየጊዜው ፕሌይስቴሽን ቤቶች ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር ተደምረው ሲታሸጉ እናያለን፡፡ ሕፃን በትምህርት ሰዓት እንዳይገባ መቆጣጠር ተገቢ ነው፡፡ ቤቱን ማሸግ ግን የተባለውን ነገር አያጠፋውም፤ የሚያጠፋው መልስ ሊሰጥበት የሚችለውን ስፍራ ነው፡፡ የመቱ ወጣት በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ጎን ለጎን ተቀምጦ ከሚከራከርባቸው ጥቂት ክፍሎች አንዱ ያ ጠባብ ቤት ነው፡፡

የሚሻለው መንገድ ከባድ ነው፤ ግን አለ፡፡ የታሪክ መምህራን እነዚህን ጨዋታዎች እንደ መጽሐፍ ወደ ክፍል እናምጣቸው፡፡ ‹‹ለምን ገዳ ከመንግሥታት ዝርዝር ጠፋ? ለምን ፈረሰኛው አንደበት አጣ?›› ብለው ተማሪዎች በጽሑፍ ይሟገቱ፡፡ ከዚያም የራሳቸውን ሕግ ይጻፉ፡፡ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ የምትሮጥበትን ኩኩሉን የሠራው አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ፣ በዚህ አገር ጨዋታ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል፡፡ የጎሬን ሰባት ወራት የሚሠራ ወጣት ከመቱ ወይም ከበደሌ የማይወጣበት ምክንያት የለም፡፡ ሲሠራ ወገን ይይዛል፤ ይያዝ፡፡ ሌላው ደግሞ የእርሱን ሕግ ተቃውሞ ሌላ ይሥራ፡፡ በዱላ የማያልቀው ክርክራችን በሕግና በመልስ ሕግ ቢቀጥል ትልቅ ድል ነው፡፡

ጨዋታውን ከፖለቲካ ነጻ አድርጉልን ለምትሉኝ ወጣቶች የምመልሰው ይህን ነው፤ ከፖለቲካ አታመልጡም፤ የምትመርጡት ሕጉን መጻፍን ወይም በተጻፈላችሁ ሕግ መጋለብን ብቻ ነው፡፡

ቸር ይግጠመን፡፡